በኬብል የገባ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ፦ እኔ ጋ የሰራው መፍትሄ

ቀናት የበላብኝ ችግር ይህ ነው። ዴስክቶፑ ትንሽ ስራ ሲፈታ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ይመለሳል። የኔትወርክ ካርዱ (ኬብሉ የሚሰካበት ክፍል) መብራትም አብሮ ጥፍት ብሎ ይበራል።

ኬብል ቀየርኩ፣ ራውተሩ ላይ ሌላ ፖርት ሞከርኩ። ወይ ፍንክች! ዊንዶውስን «አፕዴት ድራይቨር» (ካርዱን የሚያሰራውን ሶፍትዌር አድስ) ስለው ምርጡ ድራይቨር ተጭኗል ይላል። ያ ማለት ግን አዲስ ስሪት የለም ማለት አይደለም።

ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ዝርዝር) ገብቼ፣ ከካርዱ ፕሮፐርቲስ «ዲቴይልስ» ታብ ላይ ሃርድዌር አይዲውን (የካርዱን መለያ ኮድ) ወሰድኩ። በእሱ ፈልጌ አዲሱን ድራይቨር ከቺፑ አምራች ድረ ገጽ አውርጄ ጫንኩ። መቆራረጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ቁርጡ የለየው እዚያው ፕሮፐርቲስ ላይ «አድቫንስድ» ታብ ውስጥ «ኢነርጂ ኢፊሸንት ኢተርኔት» የሚለውን «ዲሴብልድ» ሳደርገው ነው። ዳታ በማያልፍበት ጊዜ መስመሩን የሚያስተኛ የኃይል ቁጠባ ነው፤ ከአንዳንድ ራውተርና ስዊች ጋር አይግባባም። አዲስ ድራይቨር ሲጫን ተመልሶ ሊበራ ስለሚችል ከአፕዴት በኋላ ቼክ አድርጉት።