የቤቴ ሰርቨር ሌሊት መጮኹን እንዴት እንዳቆመ

ሰርቨሩ (ሌት ተቀን በርቶ የሚቆይ ኮምፒውተር) ከመኝታዬ አጠገብ ስለሆነ ጩኸቱ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ ማቀዝቀዣ ፋኑ ላይ ጥዬ ባለ 80 ሚሊሜትሩን በባለ 120 ቀየርኩት። ሰፊ ፋን በዝግታ እየዞረም በቂ አየር ስለሚገፋ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አዲሱ ግን ሲነሳ ጀምሮ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። ለካ የገዛሁት ሶኬቱ ባለ 3 ፒን (የኤሌክትሪክ መገናኛ) ኖሯል፣ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ደግሞ ፍጥነቱን የሚያዘው በ4ኛው ፒን በሚልከው ምልክት ነው። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቼ የዚያን ሶኬት መቆጣጠሪያ በቮልቴጅ እንዲሆን ሳደርገው ረጋ።

ጉርምርምታው ግን ቀረ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። ፋኑን ለጥቂት ሰከንድ ነቅዬ ባዳምጥም ያው ነው። ምንጩ ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ነበሩ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ የሁለቱ ፍጥነት በጥቂቱ ሲለያይ ድምፃቸው አንዴ ይደጋገፋል፣ አንዴ ይጠፋፋል። የኬዙ ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ብሎኖቹን ፈትቼ በዲስኮቹና በቆርቆሮው መካከል ለስላሳ ጎማ አስገባሁ። ለውጡ ከፋኑ ይበልጥ ነበር! በስፖንጅ መጠቅለልም አስቤ ነበር፤ ሙቀት ስለሚያፍን ተውኩት።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም ወደ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ማከማቻ) አዛወርኩት፤ ሌሊት ሌሊት ይሰማ የነበረው የዲስክ መንጫጨት ቆመ። ዲስክ ስትገዙ ለፋይል ማስቀመጫ ብቻ ከሆነ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞረው ይበቃል። ፋን ከሆነ ግን መጀመሪያ ፒኖቹን ቁጠሩ።