የጥናት ጽሑፍን የሚያበላሹ ስህተቶች፦ ከርዕስ እስከ አጠቃሎ

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ገና ርዕሱ ላይ ይሰናከላል። «ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ሲባል የትኛው ሚዲያ ነው? የስንተኛ ክፍል ተማሪ? በምኑ ላይ? «የቲክቶክ አጠቃቀም ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የእንቅልፍ ሰዓት ጋር ያለው ተዛምዶ» ቢባል ግን ምን እንደሚለካ ከወዲሁ ይታወቃል። «ተጽዕኖ» በ«ተዛምዶ» የተተካውም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ የተበተነ መጠይቅ ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያል፤ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ግን አያሳይም። እንቅልፍ እንቢ ያለው ልጅ ይሆናላ ስልኩን የሚያነሳው።

«ትምህርት ለዕድገት ያለው ፋይዳ አያጠያይቅም» ብሎ የሚጀምር መግቢያ ይሰረዝ። የማያጠያይቅ ከሆነ ለምን ይጻፋል?

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ክለሳ ድርሳናቱ፣ ማለትም ቀደምት ጥናቶች የሚገመገሙበት ምዕራፍ ነው። አንዱ አጥኚ (2010) እንዲህ ይላል። ሌላው (2014) ደግሞ እንዲህ ይላል። ሦስተኛዋ (2019) በበኩሏ እንዲህ ትላለች። ሃያ ገጽ ሙሉ! የስም ጥሪ ነው እንጂ ክለሳ አይባልም፤ እያንዳንዱ «አቤት» ብሎ ይቀመጣል፣ እርስ በርሱ የሚነጋገር የለም። ተማሪው ሰንፎ አይደለም። አንድ ጽሑፍ ባነበበ ቁጥር አንድ አንቀጽ ስለሚጽፍ ምዕራፉ የንባቡን ቅደም ተከተል ይዞ ይቀራል። ከመጻፋችሁ በፊት ሠንጠረዥ ሥሩ። በየረድፉ አንድ ጥናት፣ በየዓምዱ አንድ ጥያቄ ይግባ፦ እነማንን አጠና? ናሙናው ስንት ነው? በምን ለካ? ምን አገኘ? ምን ሳይነካ ተወ? ስትጽፉ ሠንጠረዡን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አንብቡት። በመጠይቅ የጠየቁት ስድስት ጥናቶች ተዛምዶ አግኝተው፣ እንቅልፍን በመሣሪያ የለኩት ሁለቱ ካላገኙ፣ አንድ አንቀጽ ተገኘ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከመለኪያው ይሆን? የአንቀጹ ኃይለ ቃል (ዋና ሐሳቡን የሚይዘው ዓረፍተ ነገር) ይህን ሐሳብ ይያዝ፣ የአጥኚዎቹ ስም ቅንፍ ውስጥ ይግባ። የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ የጥናታችሁን መነሻ ችግር ይሰጣችኋል። ተማሪዎች ይህን ክፍል ከባዶ ለመፈልሰፍ ሲጨነቁ ይከርማሉ፤ መልሱ ግን ካነበቡት ውስጥ ነው።

«አስፈላጊ»ን በ«ጠቃሚ»፣ «ያሳያል»ን በ«ያመለክታል» መተካት በራስ አባባል መግለጽ አይደለም። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ያው የሰው ነው። ምንጩን ዝጉ፣ የተረዳችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ ገልጣችሁ አመሳክሩ። በራሳችሁ ቃል ብትጽፉትም ምንጩ ይጠቀሳል። ቃል በቃል ከሆነ በኤፒኤ (APA) የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት የገጽ ቁጥር ይጨመራል፤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ ሲሆን ትእምርተ ጥቅሱ ቀርቶ ጥቅሱ ለብቻው፣ ከግራ ኅዳግ ገባ ብሎ ይጻፋል።

ያላነበቡትን መጥቀስ የቆየ በሽታ ነው፤ አሁን ብሶበታል። ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያ የሚያመጣው ዋቢ ደራሲውም መጽሔቱም እውነተኛ ሆነው፣ ጽሑፉ ግን ፈጽሞ ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። ዲኦአይ (DOI)፣ ማለትም ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጠው ቋሚ የኢንተርኔት መለያ፣ የሚከፍተው ያንኑ ርዕስ መሆኑን እያንዳንዱን ከፍታችሁ እዩ።

አሁን ወደ «ሲሆን»። «ጥናቱ በ3 ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ሲሆን 120 ተማሪዎች የተሳተፉበት ሲሆን መረጃው በመጠይቅ የተሰበሰበ ሲሆን…» እዚህ ውስጥ «ሲሆን» ምክንያት ነው? ንጽጽር ነው? ምንም አይደለም፣ ማጣበቂያ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ) መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንባቢው የተንጠለጠለውን ሁሉ ተሸክሞ እስከዚያ ይጓዛል። ግንኙነቱ ምክንያት ከሆነ «ስለሆነ» በሉ፤ ተቃርኖ ከሆነ «በአንጻሩ»። ግንኙነት ከሌለ አራት ነጥብ አለላችሁ።

በ1ኛው ምዕራፍ «ተነሳሽነት» የተባለው በ4ኛው «ፍላጎት»፣ በ5ኛው «ጉጉት» ከሆነ፣ ፈታኙ ሦስት ነገር የተጠና ይመስለዋል። ለልብ ወለድ ያማረ ልማድ እዚህ ያሳስታል። ፊደልም እንዲሁ፦ «ኃይል» እና «ሀይል» ለኮምፒውተር ሁለት ቃል ናቸው፤ አንዱን ፈልጋችሁ ስታርሙ ሌላው ያመልጣችኋል።

19 ሰው ጠይቆ «47.368 በመቶ» ብሎ መጻፍ ጥናቱን የረቀቀ አያደርገውም፤ ከ19ኙ 9ኙ ማለት ነው፣ እንደዚያው ይጻፍ። ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ የወጣ ነገር በ10 የመቶኛ ነጥብ፣ ወይም ከነበረበት በ25 በመቶ ጨመረ ይባላል። «በ10 በመቶ ጨመረ» ስህተት ነው። «ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ጉልህ አይደለም» ማለትም «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም፤ ናሙናው ሲያንስ ያለ ልዩነትም ሳይታይ ያልፋል።

«የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡ ይገባል» የሚል የመፍትሔ ሐሳብ ጥናት ሳይካሄድም ይጻፋል። ከእያንዳንዱ ሐሳብ ጎን የተነሳበትን ግኝት የሠንጠረዥ ቁጥር በእርሳስ ጻፉ፤ ቁጥር ያጣው ይውጣ።

አጠቃሎው (አብስትራክት) ከፊት ይቀመጥ እንጂ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ቃል ይፈቀድለታል፤ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ናሙናና ግኝት በዚያች ይግቡ። «ውጤቱ በዝርዝር ተብራርቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቦታ ይፈጃል እንጂ አይነግረንም፤ በእሱ ፋንታ ውጤቱን ከነቁጥሩ አስቀምጡት።