በደቡብ እንግሊዝ ፐብ ሪል ኤል ስታዙ

ብራይተን ወይም ሉዊስ ከተማ ፐብ (የእንግሊዝ መጠጥ ቤት) ገብታችሁ አስተናጋጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ አዝዛችሁ እዚያው ትከፍላላችሁ። ሪል ኤል የሚባለው ባህላዊ የበርሜል ቢራ የሚቀዳው በረጃጅሞቹ የእጅ ፓምፖች ነው፤ እጀታው ላይ ያለው ምልክት ፊቱን ወደ ውስጥ ካዞረ ያ ቢራ ለጊዜው የለም።

ሙሉው ፓይንት (የእንግሊዝ ቢራ መለኪያ) 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በግማሽ ጀምሩ፤ ካመነታችሁ ደግሞ ለቅምሻ ጠይቁ፣ ብዙ ቤት አይከለክልም። የሉዊሱ ሃርቪስ ሰሴክስ ቤስት የሚባለው ቢራ አልኮሉ 4 በመቶ ብቻ ነው፤ ጥሩ መጀመሪያ ይመስለኛል።

«ሞቋል» ብላችሁ አትመልሱት። ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትክክለኛ ሙቀቱ ነው። እርሾው በርሜሉ ውስጥ ገና በሕይወት ስላለ ጋዙ ለስላሳ ነው። አረፋው ማነሱም የደቡብ ልማድ ነው፤ በሰሜን ፓምፑ አፍ ላይ አረፋ የምታወጣ ቀዳዳማ ክዳን ይገጥማሉ።

የሚመለሰው ኮምጣጤ ወይም እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ ነው። ቢራው በተቀዳ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ አየር ይገባል፤ ስለዚህ ከተከፈተ በኋላ በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት። ሰው በሌለበት ቤት ስምንት ፓምፕ ተደርድሮ ካያችሁ ተጠራጠሩ፣ «ዛሬ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው የትኛው ነው?» በሉና እሱን እዘዙ። መበላሸቱን ከአንድ ሁለት ጉንጭ በኋላ በትሕትና ተናገሩ፤ ይቀይሩላችኋል። ግማሹን ጠጥቶ ማማረር ግን አያስኬድም። ደፍርሶ ከመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሆን ተብሎ ሳይጠራ የሚቀርብ ቢራም አለ።