በሐይቅ ውኃ ላይ ቆሮሶና አምባዛን በየወቅቱ ማጥመድ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘውና ስሙም «ሐይቅ» በሆነው ሐይቅ ላይ መንጠቆ ለመጣል የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውኃው ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ነገር ግን ጥልቁ ክፍል ኦክስጅን ስለሌለው ዓሣ የሚኖረው በላይኛው ውኃና በዳርቻው አካባቢ ነው። ስለዚህ ክርን ወደ መሐል አርቆ መወርወር ከንቱ ድካም ሲሆን፣ ወቅቱ የሚለውጠው ዓሣው ከዳር የሚርቅበትን ልክና ምግብ የሚፈልግበትን ሰዓት ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ማለዳ መውጣት ብዙም አይጠቅምም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሙቀት ወዳድ በመሆኑ ፀሐይ የዳሩን ውኃ እስክታሞቀው መጠበቅና ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መሞከር ይሻላል። አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል እርሳስና ቡሽ ይበቃሉ። ለማጥመጃ የምድር ትል ወይም ጠጠር ብሎ የተቦካ የስንዴ ሊጥ ይሆናል። ቡሹ በትንሹ ሲንቀጠቀጥ ዓሣው ገና እየቀመሰ ነውና አይሳብ፤ ወደ ጎን ተንሸራቶ መስመጥ ሲጀምር ግን ክሩን በእርጋታ ከፍ ማድረግ ነው።

የበልግ ወራት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደዚህ ሐይቅ የገባ ዓሣ ሲሆን፣ ውኃው ሲሞቅ ወንዱ ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ዳር ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷም የዳበረውን እንቁላል በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹንም እዚያው ትጠብቃለች። እንዲህ ያለች ዓሣ ስትያዝ ቢጫ እንቁላሎቿን እዚያው መሬት ላይ ትተፋቸዋለች፣ አንድ ትውልድም በአንድ መንጠቆ ያልቃል። ይህን ደጋግሜ በማየቴ፣ ጎጆ በታየበት ዳር ክር ባይጣል እመርጣለሁ። ዐቢይ ጾም ከዚህ ወቅት ጋር ስለሚገጥምና የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ፣ ፈተናው ቀላል አይደለም። እንቁላል የያዘች ሴት ከተያዘች እጅን በውኃ አርጥቦ መንጠቆውን መንቀልና ወዲያው መልቀቅ ይገባል።

በክረምት ወንዞች ጎርፍ ሲያመጡና ዳሩ ሲደፈርስ ተራው የአምባዛ ነው። አምባዛ ምግቡን በጢሙና በሽታ ስለሚፈልግ ድፍርስ ውኃ አያግደውም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ ወፍራም ክርና ትልቅ መንጠቆ ላይ የበሬ ጉበት ሰክቶ ከታች ማሳረፍ መልካም ውጤት ይሰጣል። በጎርፍ የተሸፈነ ሣር ውስጥ ሲንቦጫረቅ የሚሰማው አምባዛ ግን እንቁላል ሊጥል የወጣ ነውና፣ በዱላም በጦርም መነካት የለበትም።

አምባዛን ከክሩ ሲያላቅቁ ጭንቅላቱን ከኋላ በኩል አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ በደረቱ ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች ጠንካራ እሾህ ስላላቸው እጅ ይወጋሉ። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶም ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ ሞቷል ብሎ ዳር ላይ ከመተው እርጥብ ጆንያ ውስጥ አስገብቶ አፉን ማሰር ይበጃል።