ፕራይመር ከመግዛትሽ በፊት፦ ፊትሽ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ምን ይመስላል?

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከጀሞ ተነስታ መሀል ከተማ የምትሠራ ሴት ፊቷን የምትቀባው ገና ሳይነጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ብርዱ፣ ኮብልስቶኑ ጋ እስክትደርስ አቧራው፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ይጠብቃታል። ማታ ቤቷ እስክትመለስ 12 ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ፕራይመር የሚመረጠው ለዚህ ቀን እንጂ ሱቅ ውስጥ ላለችው አምስት ደቂቃ አይደለም። እጅ ጀርባ ላይ ሲቀባማ ሁሉም ሐር ሐር ይላል። የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መስታወት ስታዪ ፊትሽ የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ግንባርሽ ወዝቶ ፋውንዴሽኑ ተንሸራቷል? አፍንጫሽ ጎን ተፈርፍሯል? ወይስ ጉንጭሽ ደርቆ አመድማ መስሏል? ለእያንዳንዱ መልሱ ሌላ ፕራይመር ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ፕራይመር አይደለም።

ፕራይመር በቆዳና በፋውንዴሽን መሀል የሚገባ ስስ ንጣፍ ነው። የቆዳን ቀዳዳ ለጊዜው ይደፍናል፣ ወዝ ወደ ላይ እስኪወጣ ያዘገያል፣ ፋውንዴሽኑን ይይዛል። የፊት ክሬምን አይተካም። የፀሐይ መከላከያንም አይተካም፤ ዕቃው ላይ ኤስፒኤፍ 30 (ከፀሐይ የመከላከል አቅም ቁጥር) ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ። ያ ቁጥር የሚሠራው ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ያህል ስትቀቢ ነው፤ ፕራይመር ግን የሚቀባው የአተር ፍሬ ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በሰሜን በኩል ያለው ዳሯ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳል እንጂ ጨረሩን አይቀንሰውም።

መጀመሪያ ቆዳሽን ለይ

ማታ ፊትሽን በለስላሳ የፊት ሳሙና ታጠቢና ምንም ሳትቀቢ አንድ ሰዓት ቆዪ። ከዚያ ሶፍት ወስደሽ አንዷን ስስ ሽፋን ለዪና ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭና ጉንጭ ላይ ለየብቻ ተጫኚ፤ አትጥረጊ። ሶፍቱን ወደ መብራት ይዘሽ እዪው። ሁሉም ቦታ ብርሃን የሚያሳልፍ የወዝ ነጠብጣብ ካለ ቆዳሽ ወዛም ነው። ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ ከሆነ ድብልቅ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ ፊትሽ ስትስቂ የሚወጠር ከሆነ ደረቅ ነው። ፈተናውን በጥቅምት አድርገሽ በሐምሌ ድገሚው። በበጋው ደረቅ አየር ጉንጩ የሚሰነጣጠቅ ሰው ክረምት ላይ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ያኔ የጥቅምቱ ፕራይመር ይከብደዋል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፊቷን በቀን ሦስቴ በገላ ሳሙና የምትታጠብ ሴት ፊቷ ከላይ ወዝቶ ከሥር ይወጠራል። ይህ ውሃ ያጣ ወዛም ቆዳ ነው። ወዝ የሚመጥ ፕራይመር ስትቀባበት ፋውንዴሽኑ አፍንጫዋ ዙሪያ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል፤ ጥፋቱም የፋውንዴሽኑ ይመስላታል። እንዲህ ከሆንሽ መጀመሪያ ሳሙናውን ቀይሪ፣ ቀለል ያለ ቅባት አልባ የፊት ክሬም ጀምሪ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ፕራይመር ምረጪ።

ሲሊከን ነው ወይስ ውሃ?

ከቆዳው ዓይነት እኩል የሚያስፈልገው የፕራይመሩ መሠረት ነው፦ ወይ ውሃ፣ ወይ ሲሊከን የሚባል ሐር ሐር የሚል፣ ውሃ የማይገባው ነገር። የዕቃውን ጀርባ አንብቢ፤ ንጥረ ነገሮቹ የሚደረደሩት ብዙው ቀድሞ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አራት አምስቱ ውስጥ በ«ኮን» ወይም በ«ሲሎክሴን» የሚያልቁ ስሞች ከበዙ፣ ለምሳሌ ዲሜቲኮን ወይም ሳይክሎፔንታሲሎክሴን፣ መሠረቱ ሲሊከን ነው። ከፊት ውሃና ግሊሰሪን ኖረው ሲሊከን ከሌለ ወይም መጨረሻ ላይ ከመጣ የውሃ ነው። የፋውንዴሽንሽንም ጀርባ በዚሁ ዓይን አንብቢ።

ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚታየው ነገር ግልጽ ነው፦ ፋውንዴሽኑን ስትቀቢ ከጣትሽ ሥር እንደ ላጲስ ፍቅፋቂ እየተንከባለለ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ውሃ በውሃ፣ ሲሊከን በሲሊከን ይስማማል። ግን ሕጉን ከማመን መሞከር ይሻላል። እጅሽ ጀርባ ላይ ፕራይመሩን በስሱ ቀቢ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ፣ የራስሽን ፋውንዴሽን ጠብ አድርጊበትና በጣትሽ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለሽ አዙሪው። እንደ ረጋ ወተት ፍርፍር ካለ ሁለቱን አንድ ላይ አትጠቀሚ። ለዚህ ነው ፕራይመር ልትገዢ ስትሄጂ ፋውንዴሽንሽን ቦርሳሽ ውስጥ መያዝ ያለብሽ። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁር አትፈሪ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው።

ለየቆዳው

ወዛም ቆዳ ሲሊከን መሠረት ያለው፣ ሲሊካ ወይም ካኦሊን (ወዝ የሚመጡ ደቃቅ ዱቄቶች) የተጨመረበት ፕራይመር ይስማማዋል። የሚቀባው ወዝ በሚወጣበት ቦታ ብቻ ነው። የአተር ፍሬዋን ግማሽ ወስደሽ በመሀል ጣት አፍንጫ ላይ፣ አፍንጫና ጉንጭ የሚገናኙበት ቦታ ላይና በግንባር መሀል ተጫኚው። መጫን ነው እንጂ ማሸት አይደለም፤ ስታሺው ቀዳዳውን ሳይደፍን ያልፋል። ጉንጭ ላይ ካልወዛ ምንም አትቀቢ። ከምሳ በኋላ ሲያብለጨልጭ ፓውደር ላይ ፓውደር አትደራርቢ፣ ይጋገራል። ሶፍት ተጭነሽ ወዙን አንሺ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ትንሽ ፓውደር ይበቃል።

ደረቅ ቆዳ ላይ ሲሊካ የበዛበት ፕራይመር የተላጠውን ሁሉ ያጎላዋል። እንደ ግሊሰሪን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ ወይም ስኳሌን ያለ ቆዳ የሚያለዝብ ነገር ያለበት የውሃ ፕራይመር ፈልጊ። እውነቱን ለመናገር ግን ደረቅ ቆዳ ያላት ሴት ጥሩ የፊት ክሬም ካላት ፕራይመር ላትፈልግ ትችላለች። ክሬሙን ፊትሽ ገና እርጥብ ሳለ ቀቢው፣ አሥር ደቂቃ ይጠጣ፣ ቀሪውን በሶፍት ተጫኚ። ፋውንዴሽኑ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከቆየ ገንዘብሽን ለሌላ ነገር አውዪው። አፍንጫና ከንፈር ዙሪያ የተላጠውን ቆዳ በስኳር አትፈግፍጊ፤ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ለስላሳ ፎጣ አንድ ደቂቃ አስቀምጠሽ ቀስ ብለሽ አንሺው።

ድብልቅ ቆዳ ሁለት ፕራይመር ይፈልጋል፦ መሀል ላይ ወዝ የሚይዘው፣ ጉንጭ ላይ ክሬም ወይም የውሃው። አንዱን ብቻ መግዛት የምትችዪ ከሆነ የመሀሉን ግዢ።

ብጉር ያለበት ቆዳ ላይ የኮኮናት ዘይት ወይም አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት ያለበትን ተዪው። ዲሜቲኮን ራሱ ብጉር አያወጣም፤ የሚያወጣው ማታ ሳይለቅ ያደረ ሜካፕ ነው። ስሱ ቆዳ ላላት ደግሞ ሽቶና አልኮል የሌለበት ይሁን። ከጆሮ ሥር ትንሽ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ፊትሽ ላይ አይድረስ።

ማድያት ያለባቸው ብዙዎች ቀለም ያለው ፕራይመር ይጠይቃሉ። አረንጓዴው ቅላት ለሚታይበት ነጣ ያለ ቆዳ የተሠራ ነው፤ በጠይም ፊት ላይ ግራጫ ያደርጋል። ሐምራዊውም እንደዚያው። ለጠይም ቆዳ የሚሠራው ብርቱካንማ ማስተካከያ ነው፤ እሱም ከፕራይመር በኋላ፣ ከፋውንዴሽን በፊት፣ ጠቆር ባለው ቦታ ላይ ብቻ።

ፊቷን ለማቅላት ስቴሮይድ ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ቅይጥ ክሬም ስትቀባ የቆየች ሴት ግን ፕራይመር መምረጥ የለባትም። ቆዳዋ ሳስቷል፣ የተቀባባትም ሁሉ ያቃጥላታል። በራሷ በአንዴ ከማቆሟም በፊት የቆዳ ሐኪም ታማክር፤ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

አቀባቡ

ፊትሽን ታጠቢ። ክሬም ቀቢና ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቂ፤ ቁርስሽን ብዪ፣ ልጅ አልብሺ። የፀሐይ መከላከያውን ቀቢና ሌላ አሥር ደቂቃ ስጪው። ፕራይመር ተበላሸ የሚባለው አብዛኛው ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ከሥሩ ያለው ሳይደርቅ ሲደረብበት ሁሉም አብሮ ይንሸራተታል። ጣትሽን ጉንጭሽ ላይ አሳርፈሽ አንሺው፤ ከተጣበቀብሽ ገና ነው።

ከዚያ ፕራይመሩ። ለሙሉ ፊት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይንከባለላል። በጣቶችሽ መሀል አሙቂው፣ ከመሀል ፊት ጀምረሽ ወደ ዳር እየሳሳ ይሂድ። የዓይን ቆብ የራሱ ፕራይመር አለው፣ የፊቱን አትውሰጂበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ፋውንዴሽኑን በራሰ ስፖንጅ ወይም በብሩሽ መታ መታ እያደረግሽ አሳርፊው። ብትጎትቺው ከሥር ያነጠፍሽውን ትገፊዋለሽ።

ለዳር ሰፈር አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ፋውንዴሽን እንዲይዝ ተብሎ የሚጣበቅ የተደረገው ፕራይመር አቧራም ይይዛል። ጠዋት ባጃጅ ይዘሽ በአፈር መንገድ የምትወጪ ከሆነ ፓውደር ሳታሳርፊበት ከቤት አትውጪ፤ ያለዚያ አገጭሽ ሥርና ፀጉርሽ ግርጌ ላይ ቡናማ መስመር ታገኛለሽ።

ፀጉር ላይ ያለ ቅቤም ሌላው ጠላት ነው። ቅቤ የተቀባች ሴት ፀሐይ ሲነካት ቀልጦ ግንባሯ ላይ ይወርዳል፣ ቅባት የነካው ፕራይመር ደግሞ ፀጉሯ ግርጌ ላይ እንደ ካርታ ይቆራረጣል። ለሰርግ ወይም ለበዓል ሜካፕ የሚሠራ ከሆነ ቅቤው ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ተደርጎ ይታጠብ። ወይም ግንባር ላይ ሻሽ ታስሮ፣ የወረደውም በሶፍት ተነሥቶ፣ ፕራይመሩ ከፀጉር ግርጌ አንድ ጣት ራቅ ብሎ ይቁም።

የጥር ሙሽሮች ፕራይመራቸውን ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ሙሉ ሜካፕ ተሠርተው ይሞክሩት። ማታ ክፍሉን አጨልመው በስልክ ፍላሽ ፎቶ ይነሡ። ሲሊካ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ የበዛበት ነገር በዓይን የማይታይ ሆኖ ፍላሽ ሲያርፍበት ፊትን ዱቄት የተነፋበት ያስመስለዋል። በአልበም ላይ ከማየት በስልክ ማየት ይሻላል።

ግዢው

ከመርካቶም ይሁን ከሰፈር ኮስሞቲክስ ቤት፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መስታወት ውስጥ ከርሞ የሞቀ ዕቃ አትውሰጂ። ካርቶኑና ቱቦው ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዪ፤ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የፊደል ስሕተት ያለበት ከሆነ መልሺው። ክዳኑ የተከፈተች ትንሽ ዕቃ ሥዕል ላይ «12ኤም» (12M) የሚል ካለ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው፤ የከፈትሽበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት። ቀለም ያለው ከሆነ መልኩን አገጭሽ ጎን ላይ ቀብተሽ ደጅ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው፤ የሱቅ መብራት ይዋሻል።

ቱቦው አብጦ ብታገኚው ወዲያው ተበላሽቷል አትበዪ። ባሕር ዳርቻ ላይ የታሸገ ዕቃ እዚህ ሲደርስ የውጪው የአየር ግፊት በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሚሆን ውስጡ ያለው አየር ይነፋዋል። መጀመሪያ ስትከፍቺው ቀና አድርገሽ፣ ሳትጨምቂ፣ ክዳኑን ቀስ እያልሽ ፍቺው። ያለዚያ ግማሹ ቀሚስሽ ላይ ነው። ሽታው ከተለወጠ ወይም ዘይቱ ለብቻው ከተለየ ግን ጣዪው።

በፕራይመር ፋንታ እንቁላል ነጭ፣ ሎሚ ወይም ቫዝሊን የሚሉ ምክሮች አሉ። እንቁላሉ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ሎሚው በዚህ ፀሐይ ፊት ያቃጥላል፣ ቫዝሊኑ ፋውንዴሽኑን ያንሸራትታል።

ማታ

ሲሊከን በውሃና በሳሙና ብቻ በደንብ አይለቅም። መጀመሪያ በማይሴላር ውሃ (ሜካፕ ማንሻ ውሃ) የራሰ ጥጥ ወይም በማጽጃ ዘይት አንሺው። ጥጡን ጉንጭሽ ላይ አሥር ሰከንድ አስቀምጠሽ ከዚያ ወደ ታች ጎትቺ፤ ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ ድገሚው። ቀጥሎ በፊት ሳሙና ታጠቢ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዚህ አንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፦ ሩቡ ለማራስ፣ ቀሪው ለማለቅለቅ። ፀጉር ግርጌና አፍንጫ ጎን ላይ ሳሙና እንዳይቀር፤ ጠዋት ፕራይመሩ ተንከባልሎ የሚነሣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።