ጠፈር ላይ ሲሮጡ የልብ ምትን በደረት ቀበቶ እንዴት በትክክል መመዝገብ ይቻላል?

በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚኖሩ ጠፈርተኞች ጡንቻና አጥንታቸው እንዳይሳሳ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ስፖርት ይሠራሉ። ለሩጫ የደረት ቀበቶ ምረጡ። በብርሃን የሚለካ የእጅ ሰዓት ለእንቅልፍ ይበቃል፤ በሩጫ ላይ ግን የእግርን ምት የልብ ምት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ሰዓቱ 170 ሲል እግርም በደቂቃ 170 ጊዜ እየረገጠ ከሆነ ቁጥሩን አትመኑት።

ቆዳውን ከቅባት አጽዱ፤ ከዚያ ኤሌክትሮዶቹን፣ ማለትም ቆዳ ነክተው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበሉትን ሁለት የቀበቶ ክፍሎች፣ በእርጥብ ፎጣ አርጥቡ። ክብደት በሌለበት ውሃ አይወርድም፤ ቢረጩበት ተንከባሎ ይንሳፈፋል ወይም ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ደረቅ ሆነው ከታሰሩ ደግሞ ልብስ ሲፋተግ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሌለ ምት ያስቆጥራል።

ቀበቶውን ከጡት ሥር፣ ሴንሰሩን መሃል ላይ አድርጋችሁ እሰሩ። ሯጩን ወደ መሮጫ ማሽኑ የሚስበው የትከሻና የወገብ መታጠቂያ ከዚያ በኋላ ይለበሳል። ምልክቱን የምትፈትሹት መታጠቂያው ከተወጠረ በኋላ ነው፤ ሴንሰሩን የሚነካው ያኔ ነውና።

በሩጫው መሃል ላብ ያስቸግራል። ስለማይንጠባጠብ ደረት ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይከማቻል፤ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች ካገናኘ ምልክቱ ይደክማል። በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን ቆዳ አልፎ አልፎ በደረቅ ፎጣ ጥረጉ፤ ኤሌክትሮዶቹን ግን አታድርቁ።

ትልቁ ሥራ ንባቡ ላይ ነው። አማካዩን ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ምት መካከል ያለውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ መዝግቡ። ልብ በደቂቃ 150 ሲመታ ክፍተቱ 400 ነው። በድንገት 800 ከመጣ፣ መሣሪያው አንድ ምት ሳይዝ አምልጦታል። 150 እና 250 ተከታትለው ከመጡ፣ ድምራቸው 400 ስለሆነ በመሃል የገባው ሐሰተኛ ምት ነው። 280 እና ወዲያው 520 ከመጡ ግን ቆም በሉ፤ ድምራቸው 800፣ የሁለት ምት ጊዜ ነው። ልብ ቀድማ መትታ ከዚያ ያረፈች ሊሆን ይችላል። በ20 በመቶ የተለየውን ሁሉ በራሱ የሚሰርዝ ማጣሪያ ይህንንም ጠርጎ ይጥለዋል፤ በእኛ እምነት ምልክት ማድረግ እንጂ መሰረዝ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአፖሎ 15 የጨረቃ ጉዞ የጠፈርተኛው የጄምስ ኧርዊን ልብ ሥርዓት የሳተ ምት ማሳየቷን ምድር ላይ የነበሩ ሐኪሞች ያዩት በሰውነቱ ላይ ከተለጠፉት ኤሌክትሮዶች ነበር። እንዲህ ያለ ምት ከተደጋገመ ሩጫው ይቁም፣ የበረራ ሐኪም ይየው።

ከመጀመራችሁ በፊት የመቅጃውንና የመሮጫ ማሽኑን ሰዓት አስተካክሉ፤ አለበለዚያ የትኛው ምት በየትኛው ፍጥነት እንደተመዘገበ አይታወቅም። ሲያልቅ ሴንሰሩን ከቀበቶው ንቀሉት። እርጥብ ቀበቶ ላይ ከቆየ እንደበራ ቀርቶ ባትሪውን ይጨርሳል።