የፌሪቲንን ውጤት ስናነብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ የደም ማነስ ሲጠረጠር ከሂሞግሎቢን ጋር የፌሪቲን ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ውጤቱን በትክክል ለማንበብ ግን ይህን ብረት አከማች ፕሮቲን የትኛው ሕዋስ እንደሚሠራውና መቼ እንደሚሠራው ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ስህተት በደም ሥር የሚዘዋወረው የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ፌሪቲን ያመርታል ማለት ነው። ይህ ሕዋስ ኑክሊየስም ፕሮቲን የሚገጣጥመው ራይቦሶምም ስለሌለው 120 ቀን ገደማ በሚዘልቀው ዕድሜው አዲስ ፕሮቲን አይሠራም። ከሚሠሩት መካከል በመቅኒ ውስጥ ገና በማደግ ላይ ያሉት ቀዳሚዎቹ፣ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆኑት ሞኖሳይቶች፣ እንዲሁም በጣፊያና በጉበት ያረጁ ቀይ ሕዋሳትን እየዋጡ ብረቱን የሚያስቀሩት ማክሮፌጆች ይገኙበታል።

ከዚህ የባሰው፣ ተማሪዎችም አዘውትረው የሚጽፉት ስህተት «ብረት ሲበዛ ጂኑ ይነቃል» ብሎ ማለፍ ነው። ዋናው ቁጥጥር የሚካሄደው ከጂኑ ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው። የፌሪቲን መልእክተኛ አርኤንኤ (ራይቦሶም የሚያነበው የጂኑ ቅጂ) አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከኑክሊየስ ውጭ ባለው የሕዋሱ ክፍል፣ በሳይቶፕላዝም፣ ይቆያል፤ ብረት ሲያንስ ሁለት ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች በመነሻው በኩል ካለው እጥፋት ላይ ተጣብቀው ራይቦሶም እንዳያነበው ያግዱታል። ብረት ሲበዛ አንደኛው የብረትና የድኝ ስብስብ ይዞ ቅርጹን በመለወጥ ይላቀቃል፣ ሁለተኛው ይፈርሳል፣ ምርቱም ወዲያው ይቀጥላል። ነጻ ብረት ሕዋሱን ስለሚጎዳ ይህ ፍጥነት ትርፍ ነገር አይደለም። በእኔ አስተያየት ከትምህርቱ ሁሉ አጥብቆ መያዝ የሚገባው ይህ ነጥብ ነው።

ፌሪቲንን እንደ አንድ ወጥ ሰንሰለት መሣልም ያሳስታል። እስከ 4,500 የብረት አቶሞች የሚይዘው ይህ ፕሮቲን ከባድና ቀላል ከተባሉ ሁለት ዓይነት 24 ክፍሎች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ከባዱ ዓይነት ብረቱን ኦክሲዳይዝ ያደርጋል፣ ቀላሉ ደግሞ ክምችቱ እንዲረጋ ያግዛል።

በሕክምናው በኩል ጎልቶ የሚጎዳው ከከሚሴ ወይም ከባቲ ቆላ በወባ ትኩሳት የመጣን ታማሚ ፌሪቲን እንደ ጤነኛ ሰው ማንበብ ነው፤ ኢንፌክሽንና ብግነት የብረት ክምችቱ ባይጨምርም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታልና። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤናማ አዋቂ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ያለውን እጥረት ሲል፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ላለበት አዋቂ ወሰኑን ወደ 70 ከፍ ያደርገዋል። በደጋው ደሴ ለሂሞግሎቢን የሚደረገውን የከፍታ ማስተካከያ ለፌሪቲንም ማዋል እንዲሁ ስህተት ነው።